ስድስት አውሬ ለሦስት ሰው

ቡድኑን የሠራነው ሦስት ሆነን ነው። ስድስት አውሬ፣ ለእያንዳንዱ አውሬ አራት ምት፣ በድምሩ ሃያ አራት ውሳኔ። ዜና መጻፍ ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የመሬት ክርክር፣ የጎርፍ ጉዳት፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚጎተት የምክር ቤት ጉባኤ ተቀምጬ ዘግቤያለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እንደዚያ የጌም ቡድን ያበገነኝ የለም።

ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። ዘመኑ ስማርት ስልክ በየኪሱ የገባበት፣ ኔትወርኩ ግን ገና እንዳሻው የሚመጣና የሚሄድበት ነበር። የሱቁ ባለቤት ከስልጤ የመጣ ጅምላ ሻጭ ነው። ገበያው በሙሉ «ሐጂ» ይለዋል፤ መካ ግን ሄዶ አያውቅም። አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንደሚጠሩት ጠየቅኩት።

«እስክሄድ ድረስ አፋችሁ ይለማመድ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ።

ጌሙ የመጣው ከጅዳ ነው። የሐጂ እህት ባል ለሐጂ ልጆች ብሎ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ በእጅ የሚያዝ መጫወቻ አመጣላቸው። ልጆቹ ተጫወቱበት፣ ሰለቻቸው፣ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። አባትየው አልሰለቸውም። እኔ ለአንድ ዜና ስለ ዋጋ ጭማሪ ልጠይቀው ገብቼ ከባንኮኒው ሥር አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። ሒሳብ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ለካ ከአንድ ቀንዳም አውሬ ጋር እየተፋለመ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህን ጌም በጓደኛዬ ኮምፒውተር ተጫውቼ ስለነበር ስለ ዋጋው ሳልጠይቅ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ጌሙ ላልተጫወተው ሰው እንዲህ ነው። አውሬ ይያዛል፣ ይሠለጥናል፣ ይዋለዳል፣ ከሌላ ሰው አውሬዎች ጋር ይፋለማል። እሳት የሚተፋው ቅጠል የለበሰውን ያቃጥላል፤ ውሃው እሳቱን ያጠፋል፤ ቅጠሉ ውሃውን ይጠጣል። እስከዚህ ድረስ ልጅም ይገባዋል። ሰው የሚያሳብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከአንድ ዘር የተወለዱ ሁለት አውሬዎች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ሲፈጠር ፈጣን ነው፣ ሌላው ሲፈጠር ልግመኛ። ጥሩውን ለማግኘት እንቁላል በእንቁላል ላይ ማስፈልፈል ያስፈልጋል። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ደግሞ በጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሲራመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐጂ በቀኝ እጁ አቡጀዲ እየለካ በግራ አውራ ጣቱ ሰውዬውን ሲያመላልስ ይውላል።

«ሐጂ፣ ይሄ ሜትር አልጎደለም?» ትላለች ገዢዋ።

«አልጎደለም እህቴ፤ እንቁላሉ ነው የቆየው» ይላል እሱ። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ትከፍላለች።

ሦስተኛው ሰው ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር የመጣ የሸማኔ ልጅ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ይፈልግ ነበር። የሐጂን ሱቅ የሚያውቀው አባቱ ጥበብ ሲያስረክቡ ከእሳቸው ጋር እየመጣ ነው። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል፣ ከሐጂ ደግሞ ከዚያም በላይ ያንሳል። ሐጂ «ኢንጅነር» ይለዋል፤ እሱ ሐጂን «ሐጂ»፣ እኔን «ጋሼ» ይላል፤ ሁለታችንንም በ«እርስዎ» ነው የሚያናግረን። ጌሙን ከሁለታችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። ይህን ያወቅነው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሐጂ ሳምንት ሙሉ ያቃተውን ፍልሚያ ልጁ ከሱቁ ፊት ባለው የሽፈራው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይው ሳይበርድ ጨረሰው።

የሱ ችግር ላፕቶፕ ነበር። የተማሪነቱን ላፕቶፕ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ አቃጥሎበታል። ከተማው ውስጥ አንድ ተቋራጭ የቤት ፕላን ሥራ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል፤ ግን በራሱ ማሽን መሥራት አለበት። «እስከ ግንቦት መጨረሻ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎታል ሰውየው። ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር እየተከራየ ሞከረ፤ ወረፋና መብራት አላሠራ አለው።

በዚህ መሀል ሐጂ ሀዋሳ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የዚያኑ ጌም ውድድር አዘጋጅቷል። ከየከተማው ቡድን ይመዘገባል፣ የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፣ አንደኛ ለወጣ ላፕቶፕ ይሰጣል። ለሁለተኛ የምስክር ወረቀት። ሐጂ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋና በአውራ ጣቱ ጠቆመ።

«ኢንጅነር፣ ላፕቶፕህ ይኸውልህ። አውሬ ያስፈልገናል እንጂ ሌላው አልቋል።»

ልጁ ወረቀቱን አንስቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ የግንቦትን ቀኖች በጣቱ ሲቆጥር አየሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሦስታችን እየተሰበሰብን ቡድን እንሠራ ነበር። እኔ ማስታወሻ እይዛለሁ። ልማድ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ሲነጋገር እጄ ብዕር ይፈልጋል። የመጀመሪያው ስብሰባ ውሳኔ ስድስቱ አውሬ ለሦስት ይካፈል፣ ሁለት ሁለት ይድረሰን የሚል ነበር። ፍትሐዊ መሰለን። አሁን ሳስበው ስለ ጌሙ አንድም ቃል አልተነገረም፤ የተነጋገርነው ስለ ድርሻ ነው።

ሐጂ የመረጠው ድንጋይ የለበሰ ኤሊና ተራራ የሚያህል ዝሆን መሳይ ነው። መለኪያው ጨርቅ የሚመርጥበት መለኪያ ነበር።

«ወፍራም ይሁን። ወፍራም ዕቃ ቢታጠብም ቢሰጣም ያው ነው።»

«ሐጂ፣ ኤሊው ተራ እስኪደርሰው እኮ ፍልሚያው ያልቃል» አልኩት።

«ያንተስ? ያንተ ምንድነው? መዝገብ ቤት ነው እንዴ የምታቋቁመው?»

እኔ የመረጥኳቸው ሁለቱ ምንም ጉድለት እንዳይኖረን ያሰብኩባቸው ናቸው። እሳት ቢመጣ ምን፣ ውሃ ቢመጣ ምን፣ መብረቅ ቢመጣ ምን ብዬ ሠንጠረዥ አውጥቼ፣ ኢንተርኔት ላይ ካገኘኋቸው ሁለት ምንጮች አመሳክሬ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ክፍተት አልነበረም። ሠንጠረዡ የማያሳየው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱም ዘገምተኞች ናቸው። በዚህ ጌም ቀድሞ የሚመታው ፈጣኑ ነው፤ ወፍራሙም፣ ሠንጠረዥ የሞላውም ተራውን ይጠብቃል።

የልጁ ተራ ሲደርስ አንድ ፈጣን ወፍ መሳይና አንድ ነፋስ የሚያስነሳ፣ የጓደኞቹን ፍጥነት የሚያሳድግ ትንሽ አውሬ መረጠ። ነፋሱ ከነፈሰ ቡድኑ በሙሉ ለጥቂት ዙር ይፈጥናል። ሐጂ ትንሿን አውሬ አይቶ ሳቀ።

«ይቺ ምንድናት? ዶሮ ናት? አባያ ዳር ብትለቃት አዞ በአንድ ጉርሻ ነው የሚጨርሳት።»

«ሐጂ፣ እሷ ከሌለች… ፍጥነት ይጎድለናል መሰለኝ» አለ ልጁ ዝግ ብሎ።

«ወፍራም ዕቃ ምን ያስቸኩለዋል?»

እኔም ሳቅኩ። ሐጂ በዶሮዋ ቦታ ሦስተኛ ወፍራም አውሬ አቀረበ፤ በረዶ የሚተፋ ድብ። እኔ ሠንጠረዤን አይቼ ድቡ እንደሚገጥም መሰከርኩ። ልጁን አየነው። ዓይኑን ወደ ጎዳናው መለሰና ዝም አለ። እኔም ደብተሬ ላይ «ድቡ ይግባ፤ ሦስቱም ተስማሙ» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ የወፍ መሳዩ ምቶች ተቀየሩ፤ ልጁ ዝም አለ፤ «ተስማሙ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ወፍ መሳዩ ራሱ ወጥቶ እኔ የመሰከርኩለት ሌላ አውሬ ገባ። «ተስማሙ።»

ለልምምድ ኢንተርኔት ያስፈልግ ነበር። ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ አንድ ሆቴል ዋይፋይ አለው። በባጃጅ እንወጣለን፣ አንድ አንድ ሻይ እናዛለን፣ ከማናውቀው አገር ከማናውቀው ሰው ጋር እንፋለማለን። ሥራው በሙሉ እልህ ነበር። ፍልሚያው ሲጋጋል ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ኔትወርክ የሄደበት እንደተሸነፈ ይቆጠርበታል። ኔትወርኩ ሲመለስ መብራቱ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ አስተናጋጇ ትመጣለች።

«ሻይ ልድገም?»

«ገና ይሄን አልጨረስነውም» ይላል ሐጂ።

«እሱን እኮ ከትናንት ጀምሮ ነው ያልጨረሳችሁት።»

የተሸነፍንበትን ሁሉ በደብተሬ እመዘግብ ነበር። ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር በብዛት የሚገኘው «ኔትወርክ» የሚል ቃል ነው። ሐቁን ለመናገር ኔትወርኩ ሳይሄድም የተሸነፍንባቸው ነበሩ። እነሱን «ሌላ» ብዬ አልፌያቸዋለሁ። የሌላ ሰው ሪፖርት ቢሆን ኖሮ «ሌላ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ አፋጥጠው ነበር።

ሐጂ ሱቁን የሚጠብቅለት አጥቶ ሀዋሳ የሄድነው እኔና ልጁ ብቻ ነን። ሶዶን አልፈን ሻሸመኔ ስንደርስ ሐጂ ደወለ፤ ድቡን ቀድመን እንድናስገባ አሳሰበን። በማግሥቱ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ አንዲት መዝጋቢ ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። የስድስቱ አውሬ ዝርዝር ከተሰጣት በኋላ መቀየር አይቻልም። ልጁ መጫወቻውን ከፍቶ ለብዙ ጊዜ አየው።

«ይሄው ነው?» አለችው።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ያ እይታ ጥያቄ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ወረፋው ከኋላችን ረዝሟል፤ ለእኔም ደብተሬ ውስጥ ያለቀ ጉዳይ ነው።

«አዎ፣ ይሄው ነው» አልኳት።

ልጁ ግሩም ተጫወተ። በሠላሳ ዓመቱም በሃምሳ ዓመቱም እንደዚያ ሸክም ተጭኖበት የሚጫወት ሰው አይገኝም። ተራ እስኪደርሳቸው የሚያንቀላፉ አውሬዎች ይዞ፣ የባላጋራውን ሐሳብ ቀድሞ እየገመተ፣ አንዱን ሲያስወጣ ሌላውን ሲያስገባ፣ እስከ ፍጻሜው ደረሰ። በፍጻሜው የገጠመችው አንዲት ነርስ ነበረች፤ የሥራ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ከሦስት ፍልሚያ ሁለት ያሸነፈ ላፕቶፑን ይወስዳል። የመጀመሪያውን ልጁ አሸነፈ። ላፕቶፑ ከፊታችን ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ወደዚያ ላለማየት ሲታገል ታየኝ።

በሁለተኛው ነርሷ ነፋስ አስነሣች። እኛ «ዶሮ» ያልናት ዓይነት አውሬ ነበራት። ከዚያ በኋላ የሆነው ለመናገርም አይመችም። የሷ አውሬዎች ሁለቴ ሲመቱ የኛ ኤሊ ገና እየዞረ ነው። ድቡ በረዶውን ሳይተፋ ወደቀ። የኔዎቹ፣ ከሁለት ምንጭ የተመሳከሩት፣ የሚመጣባቸውን ምት አንድ በአንድ ተቋቁመው፣ አንድም ሳይመልሱ አለቁ። ሦስተኛው ከሁለተኛው አጠረ። ልጁ ተነሥቶ ነርሷን ጨበጣት፤ እሷም «በዚህ ቡድን እዚህ የደረስከው አንተ ነህ?» አለችው። ሙገሳ ነበር። እኔን ግን ፊቴን አቃጠለኝ።

በዚያኑ ቀን መልስ መኪና ያዝን። ሻሸመኔን ካለፍን በኋላ ልጁ መጫወቻውን አውጥቶ በጌሙ ውስጥ ትርፍ አውሬዎች የሚቀመጡበትን ሣጥን ከፈተና አቀበለኝ። ወፍ መሳዩና ትንሿ ነፋስ አስነሺ እዚያ ናቸው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ደረጃ ሠልጥነዋል፤ ምቶቻቸው ተመርጠዋል። ልብ ብዬ ሳይ ከጎናቸው ሌሎች አራት አሉ። ሙሉ ቡድን ነበር።

«መቼ ነው ይሄን የሠራኸው?»

«አርብ አርብ፣ ሐጂ ሶላት ሲሄዱ። ሱቁን ስጠብቅ።»

«ዛሬ ጠዋትም ነበሩ?»

«ነበሩ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው አዩን።

«ዝም አልኩ እኮ» አለ። «ሦስት ጊዜ ዝም አልኩ።»

«ዝም ማለትና መቃወም አንድ ነው እንዴ?»

«እኛ መንደር ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ፣ ዝም ያለ ሰው ካለ ነገሩ አላለቀም። ስሙን ጠርተው ‹አንተስ?› ይሉታል። ካልተናገረ ለሌላ ቀን ይቀጥራሉ። ታላላቆች ፊት እኔ ተነሥቼ ‹አይሆንም› አልልም፤ ግን ዝም ካልኩ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ጠበቅኩ። እናንተ ስትስቁ፣ እርስዎ ሲጽፉ፣ ተወሰነ። ዛሬ በሩ ላይም ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።»

 ዱቡሻ ምን እንደሆነ ሊያስረዳኝ አይገባም ነበር። ሽማግሌዎቹ በዋርካ ሥር ሣር ላይ ተቀምጠው፣ የመጨረሻው ሰው እስኪስማማ ጉዳዩን ከቀን ቀን እያሳደሩ እንዴት እንደሚዳኙ ቢያንስ ሁለት ዘገባ ጽፌያለሁ። ለአንዱ ዘገባ ያስተረጎመልኝ እንዲያውም የዚህ ልጅ አጎት ነበር። «ዝም ያለው እስኪናገር ይጠበቃል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጄ ጽፌ፣ አንባቢ ወዶታል ተብዬ፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዝም ያለውን ሰው «ተስማማ» ብዬ መዘገብኩት። ጥያቄ መጠየቅ ነው እንጀራዬ። የተሳሳተ ቁጥር ጽፌ እርማት ያወጣሁበት ጊዜ አለ፤ እሱ በሁለት መስመር ይታረማል።

ያ ቡድን ቢገባ ያሸንፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ያልሆነ ነገር ማስረጃ የለውም። ነርሷም ጎበዝ ነበረች።

ግንቦት አለቀ። ተቋራጩ ሥራውን ለሌላ ሰጠ፤ ቃሉን አላጠፈም፣ እንዳለው ጠብቋል። ልጁ ካምባ ውስጥ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ የሠራተኛ ተቆጣጣሪነት አገኘ፤ የሚለካውና የሚቆጥረው እንጂ የሚሥለው ነገር የለም። ሊሰናበተን ጠዋት ሱቁ መጣ። ልጁ መኪና ውስጥ ያለኝን ለሐጂ ነግሬው ነበር፤ ሌሊቱን ሲያስብበት አድሮ ነው መሰለኝ፣ መጫወቻውን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልሎ አዘጋጅቶለታል።

«ውሰደው» አለው። «አውሬዎቹም ያንተ ናቸው። እኔ በወፍራም ዕቃ ገደልኩህ።»

«አይ ሐጂ።»

«ውሰደው አልኩህ! ካምባ ማታ ማታ ምን ትሠራለህ?»

«ሐጂ፣ እኔ የፈለግኩት መሥሪያ ነው። መጫወቻማ ምን ያደርግልኛል።» ቁጣ አልነበረበትም። ጥቅሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መልሶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። እኔን በትከሻው ሰላም ብሎኝ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

ሐጂ ከኋላው ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የምሸጠውን አውቃለሁ፤ ሌላ አላውቅም። አንተ ግን ጋዜጠኛ ነህ። አንድ ቀን እንኳ ‹አንተስ?› ብትለው ምን ነበረበት?»

«አንተስ ራስህ ብትለው?» አልኩት።

«እኔማ ሳቅኩ።»

«እኔም ስቄያለሁ።»

ደንበኛ ገባች፤ አቡጀዲ አምስት ሜትር አለችው። በሁለት እጁ ለካላት።